ከቤተ ክርስቲያኑ በፊት ትምህርት ቤቱ



በቅርቡ አንድ አባት ከምሠራበት ቢሮ ድረስ መጥተው፣ «ልጄ፣ ሦስት ነገር ልጠይቅሽ» አሉኝ። «ልጆቼ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት የመረጠው ማን ነው? መምህሩን የሚሾመውስ ማን ነው? ቅር ያለኝ እንደሆነ ደግሞ አቤት የምለው ለማን ነው?» አሉኝ። እንደ አቅሜ መለስኩላቸውና አመስግነው ሄዱ። ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳሰላስለው ግን፣ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ቀደም ሲል የት እንዳገኘኋቸው ትዝ አለኝ። ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ስደተኞች ታሪክ ስንማር፣ ከመቶ ሰማንያ ዓመታት በፊት ወደ አሜሪካ የገቡ ድሆች ቃል በቃል ይህንኑ ይጠይቁ ነበር።

እነዚያ ሰዎች ካቶሊኮች ነበሩ። ዛሬ ስለ እነሱ የምነግራችሁ ስለ ሃይማኖታቸው ላስተምራችሁ ብዬ አይደለም። በባዕድ አገር፣ ከድህነታቸው ቆጥበው፣ በዓለም ላይ ካሉት ትላልቅ የግል ትምህርት ቤቶች ማኅበር አንዱን ስላቋቋሙ ነው። እንዴት እንዳደረጉት፣ ምን እንዳተረፉና ምን እንደከሰሩ ማወቅ ልጅ ለሚያሳድግ ስደተኛ ሁሉ ይጠቅማል።

አደረጃጀቱ እንዴት ነው?

አስቀድመን ቤቱን እንወቀው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የበላይ መሪ በቫቲካን የሚኖሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ናቸው። ከእሳቸው በታች ዓለም በሙሉ በሀገረ ስብከት ተከፋፍሏል። ሀገረ ስብከት ማለት አንድ ጳጳስ የሚያስተዳድረው ግዛት ነው፤ ጳጳሱንም የሚሾሙት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ናቸው። ቃሉን በአገር ቤት ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሰምታችሁት ይሆናል። በኢትዮጵያም ለምሳሌ አዲስ አበባ፣ ዓዲግራትና እምድብር የካቶሊክ ሀገረ ስብከት መቀመጫዎች ናቸው።

እያንዳንዱ ሀገረ ስብከት ደግሞ በአጥቢያዎች ይከፈላል። ኢትዮጵያውያን ካቶሊኮች አጥቢያውን «ቁምስና» ይሉታል። የቁምስናው ኃላፊ ጳጳሱ የሚሾመው ካህን ነው፤ ሕዝቡ አይመርጠውም። አንድ ሰው የየትኛው ቁምስና አባል እንደሆነ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ በሚኖርበት ሰፈር ነው። ከዚህ መንገድ እስከዚያ መንገድ ያለው የዚህ፣ ከዚያ ማዶ ያለው የዚያኛው ነው ተብሎ ድንበር ተበጅቶለታል።

ትምህርት ቤቶቹም በሦስት ዓይነት ይመደባሉ። አንደኛው የቁምስና ትምህርት ቤት ነው። ሕንፃው የቁምስናው ነው፤ ገንዘቡ ከቁምስናው ሰዎች ይመጣል፤ የመጨረሻው ኃላፊም የቁምስናው ካህን ነው። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመራው ግን ርዕሰ መምህሩ ነው። ሁለተኛው የሀገረ ስብከቱ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከልዩ ልዩ ቁምስናዎች የሚመጡ ልጆች የሚማሩበት ሁለተኛ ደረጃ ነው። ሦስተኛው የገዳማውያን ማኅበራት ትምህርት ቤት ነው። ኢየሱሳውያንን የመሳሰሉ ማኅበራት የራሳቸው አለቃ አላቸው፤ ነገር ግን በአንድ ሀገረ ስብከት ውስጥ ገብተው ለመሥራት የጳጳሱ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። በሀገረ ስብከቱ ቢሮ ደግሞ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ አለ። ሥርዓተ ትምህርቱን፣ የመምህራኑን ችሎታና የፈተናውን ደረጃ የሚከታተለው እሱ ነው።

እንግዲህ ርዕሰ መምህር፣ ካህን፣ ተቆጣጣሪ፣ ጳጳስ እያለ መሰላሉ ወደ ላይ ይወጣል። ወላጅ ቅር ሲለው በዚያ መሰላል ይወጣል ማለት ነው። ይህ መሰላል ግን ከሰማይ አልወረደም። ሰዎች ብዙ ተጣልተው፣ ብዙ ተክሰው ነው የሠሩት። ታሪኩ እነሆ።

የጥቂት ሰዎች ማኅበር

አሜሪካ ነፃ ስትወጣ ካቶሊኮች በዚያ አገር በጣም ጥቂት ነበሩ። በ1789 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለመላው አገሪቱ አንድ ሀገረ ስብከት ብቻ በባልቲሞር ከተማ ተቋቋመ። የመጀመሪያው ጳጳስም ጆን ካሮል ነበሩ። ምእመናኑ እየበዙ ሲሄዱ በ1808 ባልቲሞር ሊቀ ጳጳስ ተሾመላትና ኒው ዮርክ፣ ፊላደልፊያ፣ ቦስተንና ባርድስታውን አዳዲስ ሀገረ ስብከቶች ሆኑ።

በዚያው ጊዜ አንዲት ሴት ትልቅ ሥራ ጀመረች። ኤልሳቤጥ ሲተን ትባላለች። ባሏ ሞቶባት አምስት ልጆች ይዛ የቀረች የኒው ዮርክ ሰው ነበረች። ካቶሊክ ከሆነች በኋላ በ1809 በሜሪላንድ በምትገኘው ኤሚትስበርግ የመነኮሳይያት ማኅበር አቋቋመች፤ በ1810ም የድሆች ሴት ልጆች በነፃ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከፈተች። ከዚያ በኋላ የተከፈቱት በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች የቆሙት እንደ እሷ ባሉ መነኮሳይያት ትከሻ ላይ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ረሃብና መርከብ

በ1845 አየርላንድ ውስጥ የድንች ሰብል በበሽታ ተመታ። እስከ 1852 ድረስ በዘለቀው ረሃብና ወረርሽኝ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆነውም ተሰደደ። ረሃብ ያየ፣ ሬሳ ረግጦ ያለፈ፣ የሞተ ዘመድ በመንገድ ቀብሮ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ኒው ዮርክ ሲደርሱ ወንዶቹ ወደብ ላይ ተሸካሚ፣ ሴቶቹ የሰው ቤት ሠራተኛ ሆኑ። በየጓዳውና በየምድር ቤቱ ተጨናንቀው ኖሩ።

የትምህርቱ ጠብ ግን ከዚህ ትልቅ ስደት በፊት ተጀምሯል። በ1840 በኒው ዮርክ ከተማ ለሕዝብ የተከፈቱትን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው አንድ የግል ማኅበር ነበር፤ ገንዘቡን ግን ከመንግሥት ይቀበል ነበር። የማኅበሩ መሪዎች ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። በየጠዋቱ የሚነበበው መጽሐፍ ቅዱስ በእነሱ ትርጉም ነው። በአንዳንዶቹ የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥም ካቶሊኮችን የሚያንቋሽሽ ቃል ነበረባቸው። ልጁ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄዶ ማታ ሲመለስ የአባቱን ሃይማኖት አፍሮበት ይመለስ ነበር። ስለዚህ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ጭራሽ ትምህርት ቤት አልላኩም።

በዚህ ጊዜ የተነሡት ጳጳስ ጆን ሂዩዝ ይባላሉ። በ1797 አየርላንድ ውስጥ የተወለዱ የድሃ ልጅ ናቸው። አሜሪካ ሲገቡ በአንድ የካህናት ማሠልጠኛ አትክልተኛ ሆነው ከሠሩ በኋላ ነው እዚያው የተማሩት። ሂዩዝ በ1840 ለከተማው ምክር ቤት፣ «ግብር የምንከፍለው እኛም ነን፤ ከትምህርቱ ገንዘብ ድርሻችን ይሰጠን» የሚል አቤቱታ አቀረቡ። ጉዳዩ በአደባባይ ክርክር ከተደረገበት በኋላ በ1841 መጀመሪያ ውድቅ ሆነ። ሂዩዝ ግን አልተኙም። በዚያው ዓመት በምርጫው ዋዜማ ሕዝባቸውን ሰብስበው፣ ጥያቄያቸውን የሚደግፉ እጩዎችን ስም ዝርዝር አቀረቡና የድምፃቸውን ብዛት አሳዩ።

ውጤቱ ግን ሁለት መልክ ነበረው። በ1842 የወጣው ሕግ የከተማው ትምህርት ቤቶች በሕዝብ በተመረጡ ሰዎች እንዲተዳደሩ አደረገ። ያ የግል ማኅበርም እየደከመ ሄዶ በ1853 ፈረሰ። ነገር ግን ያው ሕግ ሃይማኖት ለሚያስተምር ትምህርት ቤት የመንግሥት ገንዘብ አይሰጥም አለ። ካቶሊኮቹ ባላጋራቸውን አሸነፉ፤ የጠየቁትን ገንዘብ ግን አላገኙም። ሕጉ በወጣበት ሰሞን በምርጫው ሁከት የጳጳሱ ቤት በድንጋይ ተደበደበ። በ1844 ደግሞ በፊላደልፊያ ከተማ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባቡ ክርክርና የስደተኛ ጥላቻ ተደራርበው ወደ ደም መፋሰስ አመሩ። ሁለት የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በዚያ ዓመት በግንቦትና በሐምሌ በተነሣው ሁከት ከሃያ የማያንሱ ሰዎች ሞቱ።

ሳንቲም በሳንቲም

ከዚህ በኋላ ሂዩዝ ቁርጡን ተናገሩ። በዚህ አገር ከቤተ ክርስቲያኑ በፊት ትምህርት ቤቱን መሥራት አለብን አሉ። አንድ ጳጳስ ይህን ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። ገንዘቡ ከየት መጣ? ከወደብ ተሸካሚው፣ ከቤት ሠራተኛይቱ፣ ከልብስ አጣቢዋ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚሉት አባቶቻችን ይህን ነው። ስደተኞቹ ያገኙትን ሳንቲም እንዳይቀሙና እንዳያባክኑም በ1850 በኒው ዮርክ የስደተኞች ቁጠባ ባንክ ተመሠረተ፤ ይህንንም ያበረታቱት ሂዩዝ ነበሩ።

የተቀረውን ዕዳ የከፈሉት መነኮሳይያቱ ናቸው። ደመወዝ የሚባል ሳይሆን የዕለት ጉርስ ያህል እየተቀበሉ፣ በአንድ ክፍል ስድሳና ከዚያም በላይ ልጅ ይዘው ያስተምሩ ነበር። ብዙዎቹ ራሳቸው የስደተኛ ልጆች ነበሩ። የነሱ ሥራ በገንዘብ ቢተመን ኖሮ ትምህርት ቤቶቹ ከአንድ ዓመት በላይ ባልቆሙም ነበር።

በ1884 የአገሪቱ ጳጳሳት በባልቲሞር ትልቅ ጉባኤ አደረጉ። በየቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ ትምህርት ቤት በሌለበት ሁሉ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ትምህርት ቤት ይሠራ ብለው ወሰኑ። ወላጆችም ልጆቻቸውን ወደዚያ እንዲልኩ አዘዙ። ብዙ አጥቢያዎች ድሆች ስለነበሩ ትእዛዙ በሁሉም ቦታ አልተፈጸመም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ቁምስናና ትምህርት ቤት እንደ በርና መቃን የማይነጣጠሉ ሆኑ።

የቋንቋ ጉዳይ

ከአየርላንዶቹ ቀጥሎ ጀርመኖች፣ ፖላንዶች፣ ጣሊያኖችና ሌሎችም መጡ። እነዚህ በሰፈር ድንበር ብቻ የሚወሰን ቁምስና አልበቃቸውም። የራሳችን ካህን፣ የራሳችን ቋንቋ ይሁንልን አሉ። ስለዚህ የብሔር ቁምስና የሚባል ነገር ተጀመረ። በአንድ ሰፈር የአየርላንዶች፣ የጀርመኖችና የፖላንዶች ቤተ ክርስቲያን ተጎራብተው ይታዩ ነበር። በትምህርት ቤቶቻቸውም የቀኑ ከፊል ትምህርት በእናት ቋንቋ፣ ከፊሉ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር።

በ1889 የዊስኮንሲን ግዛት ዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ብቻ ይሰጡ የሚል ሕግ አወጣ። ጀርመን ካቶሊኮችና ጀርመን ሉተራውያን በሃይማኖት ባይስማሙም በዚህ ነገር አንድ ሆኑ። በ1890 በተደረገው ምርጫ የግዛቲቱን አስተዳዳሪ ጣሉ፤ ሕጉም በ1891 ተሻረ። ነገር ግን ምርጫ ያላሸነፈውን ጊዜ አሸነፈው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጀርመንኛ መናገር እንደ ክህደት መታየት ጀመረ። የልጅ ልጆቹም በእንግሊዝኛ ብቻ አደጉ፤ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ሳይግባቡ የሚበሉበት ዘመን መጣ።

የገንዘቡ ጉዳይም ጠብ አስነሥቷል። ሕንፃውን የሠራነው እኛ ነን፤ ስለ ሕንፃው የሚወስነው ግን ጳጳሱ ብቻ ለምን ይሆናል? የሚል ጥያቄ ነበር። በኒው ዮርክ በ1863 የወጣ ሕግ የቁምስናውን ንብረት ለአምስት ሰዎች አደራ ሰጠ፤ ጳጳሱ፣ ምክትላቸው፣ የቁምስናው ካህንና ሁለት ምእመናን ናቸው። ሦስት ለሁለት መሆኑን አስተውሉ። በፔንሲልቬንያ በምትገኘው ስክራንተን ከተማ የነበሩ የፖላንድ ማዕድን ቆፋሪዎች ግን በእንዲህ ያለው ነገር አልረኩም። በ1890ዎቹ መጨረሻ ካህናቸውን ፍራንሲስ ሆዱርን ይዘው ከሮም ተለዩና የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ። ሰው ገንዘቡን ሲሰጥ ቃሉም እንዲሰማለት ይፈልጋል።

በፍርድ ቤትና በገዛ ደጃፍ

በ1922 የኦሪገን ግዛት ሕዝብ በኩ ክላክስ ክላን ግፊት ጭምር፣ ልጆች ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ ይማሩ የሚል ሕግ በድምፅ አጸደቀ። የካቶሊኩን ትምህርት ቤት በሙሉ የሚዘጋ ነገር ነበር። ትምህርት ቤት የነበራቸው የመነኮሳይያት ማኅበር ከሰሱ። በሰኔ 1925 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ ድምፅ ፈረደላቸው። መንግሥት ልጆች ይማሩ ብሎ ማዘዝና ትምህርት ቤቶችን መቆጣጠር ይችላል፤ ነገር ግን ልጁ የመንግሥት ንብረት አይደለምና ወላጅ የሚማርበትን ቦታ የመምረጥ መብት አለው ብሎ ወሰነ። ያ ፍርድ ዛሬም ይጠቀሳል።

ታሪኩን ሳሳምርላችሁ ግን እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። በትናንትናው ቀን ደጅ የተዘጋባቸው ሰዎች ቤት ሲሠሩ ደጃቸውን በሌላው ላይ ዘጉ። ብዙ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ጥቁር ልጆችን አይቀበሉም ነበር። ካትሪን ድሬክሰል የተባለች የፊላደልፊያ ባለጸጋ ልጅ በ1891 የመነኮሳይያት ማኅበር አቋቁማ፣ የወረሰችውን ሀብት ለጥቁሮችና ለአገሬው ተወላጆች ትምህርት ቤት አዋለችው። በ1947 ደግሞ የሴንት ሉዊሱ ሊቀ ጳጳስ ጆሴፍ ሪተር፣ በሀገረ ስብከታቸው ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ተለይቶ መማር ይቅር ብለው አዘዙ። አንዳንድ ነጭ ወላጆች እንከስሳለን ብለው ተነሡ፤ ሊቀ ጳጳሱ ከቤተ ክርስቲያን እለያችኋለሁ ባሉ ጊዜ ተዉት። ይህ የሆነው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ላይ ተመሳሳይ ፍርድ ከመስጠቱ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

የዛሬው ሁኔታ

በ1960ዎቹ አጋማሽ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከ5 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ነበሯቸው። ዛሬ ግን ወደ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ትምህርት ቤቶቹም ከ13,000 ገደማ ወደ 6,000 ገደማ ወርደዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው። የስደተኞቹ ልጆች ከብረው ከከተማው መካከል ወጡ። የመነኮሳይያቱም ቁጥር አሽቆለቆለ፤ በእነሱ ቦታ የገቡት መምህራን ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ናቸውና ተገቢ ደመወዝ ይከፈላቸዋል። ስለዚህ ቀድሞ በነፃ ወይም በጥቂት ሳንቲም የነበረው ትምህርት ውድ ሆነ። መነኮሳይያቱን ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ማንም ዋጋውን ሳያሰላላቸው ኖረው፣ ሲያልፉ ጊዜ ዋጋቸው ታወቀ። በትልልቅ ከተሞች በቀሩት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ካቶሊኮች አይደሉም፤ የጥቁሮችና የአዳዲስ ስደተኞች ልጆች ናቸው።

ወደ እኛ ስንመለስ

ውድ ወላጆች፣ ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ የራሳችንን ትምህርት ቤት ለብቻ እንሥራ ለማለት አይደለም፤ አንሥራም ለማለት አይደለም። እነዚያ ስደተኞች ሃይማኖታቸውን ጠብቀው ልጆቻቸውን አስተምረዋል፤ ቋንቋቸውን ግን አብዛኛዎቹ አጥተዋል። ሁለቱም ለትርፍና ለኪሳራው ሒሳብ ይገባሉ።

እዚህ አገር በ1953 በወጣው ሕግ መንግሥታዊ ትምህርት ቤትና መንግሥታዊ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ተለይተው ተደራጁ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የመጡት ልጆቻችን አብዛኞቹ የተላኩት ወደ ሃይማኖቱ ትምህርት ቤት ነበር። በብዙ ቤት ምርጫው የወላጅ አልነበረም፤ ምርጫ መኖሩንም ያልሰማ ወላጅ ብዙ ነው። ቢሮዬ የመጡት አባት ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው።

ስለዚህ ለእሳቸው የመለስኩላቸውን ለእናንተም ልድገመው። የትምህርት ቤታችሁን መሰላል እወቁ። የልጃችሁ ክፍል ኃላፊ መሓኔኸት ማን እንደሆነች፣ መናሄሉ ማን እንደሆነ፣ ከእሱ በላይ በከተማው የትምህርት ክፍል ማን እንዳለ ስማቸውን ጠይቃችሁ በወረቀት ላይ ጻፉ። ዕብራይስጥ ገና ካልሆነላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የገዛ ልጃችሁ በራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ አይሁን። አሴፋት ሆሪም ሲጠራ አትቅሩ፤ ለቫዓድ ሆሪም ምርጫ ሲኖርም ከእኛ መካከል አንድ ሰው ስሙን ያስገባ። ማታ ደግሞ ልጁ በዕብራይስጥ ቢመልስላችሁም እናንተ በአማርኛ ወይም በትግርኛ አውሩት። አይቆጣጠርብን የሚል መምህር የለም፤ ልጅ ሁለት ቋንቋ ሲሸከም አይጎብጥም።

ከወደብ ተሸካሚዎቹና ከቤት ሠራተኞቹ መካከል ማንበብ የማይችሉ ብዙ ነበሩ። መጠየቅን ግን ያውቁበት ነበር። እነዚያ አባትም ያውቁበታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከመናሄሉ ጋር ቀጠሮ ይዘናል።